የመስክ ሣርን ላቆዩልን የዘር ክፍል ኃላፊ

የመኖ ዕፀዋት ማዕከላችን የዘር ክፍል ኃላፊ የነበሩት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ መዳፍ» እያለ የሚጠራቸው አንጋፋ ባልደረባችን፣ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሰኞ ማለዳ በሞት ተለይተውናል። የማዕከሉ አስተዳደርና ሠራተኞች ሐዘናችንን ሸፋፍነን አናልፈውም፤ ከብዶናል። ይሁን እንጂ እሳቸው በማንኛውም ሰበብ ሥራ ሲቋረጥ ፊታቸው የሚጠቁር ሰው ነበሩ። ያረፉትም የዘር ማሳቸው በበሰለበት ሳምንት ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ማዕከሉ የሚያከፋፍለው የመስክ ሣር ዘር ምንጩ ይህ አንድ ማሳ ብቻ ነው፤ ያለፈው ዓመት ክምችትም አልቋል። ጎርፍ የግጦሽ መሬታቸውን ጠርጎ የወሰደባቸው አርባ ሦስት ገበሬዎች ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ዛላው አንዴ ከደረሰ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ንፋስ ነካ ሲያደርገው ይረግፋል።

ጋሽ መዳፍ ማዕከሉን የተቀላቀሉት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በማጨጃ መኪና ነጂነት ነው። ሞተሩን እንዳስነሱ ወርደው ከመኪናው ፊት ሣር ሲመረምሩ በተደጋጋሚ በመገኘታቸው፣ የወቅቱ አለቃቸው «ነዳጅ አባካኝ» የሚል ስም አውጥተውላቸው እንደነበር የግል ማኅደራቸው ያስረዳል።

በሁለተኛው ዓመት ከጋራዡ ጀርባ፣ ውሃ በሚያቁር ዝቅተኛ ቦታ ላይ የመስክ ሣርን አገኙ። ቅጠሉ ቀጭን፣ ጫፉ እንደ ጀልባ አፍንጫ የተሰበሰበ ነው። ሥሩ ከመሬት በታች እየተሳበ አፈሩን ጠፍሮ ይይዛል፤ ከብት ግጦ ቢጨርሰውም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ለድርቆሽ፣ ለኳስ ሜዳና ለቦይ ዳር እንደሚሆን መጀመሪያ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ያቀረቡት ሪፖርት አንድ ገጽ ተኩል ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ሁሉ ከእሱ ረዝመው ከእሱ ያነሰ የሚናገሩ ናቸው።

በአራተኛው ዓመት የሆነውን ማዕከሉ ሳይደብቅ ይገልጻል። የመጀመሪያው ማሳ ተዘርቶ አሥራ ስምንት ቀን አንዲት ቡቃያ ሳትታይበት ቆየ። አስተዳደሩ ለሌሎቹ መኖዎች በለመደው የቀን ስሌት ተመርቶ «አልበቀለም» ሲል ወሰነና መሬቱ እንዲገለበጥ አዘዘ። ጋሽ መዳፍ ትንሽ እንታገሥ ብለው ቢከራከሩም ሰሚ አላገኙም፤ ትእዛዝ በመቃወማቸውም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ትራክተሩ መዞር ባቃተው ጥግ ላይ የቀረችው ቁራጭ መሬት በሃያ ስድስተኛው ቀን አረንጓዴ ለበሰች። ዛሬ ያለን ዘር በሙሉ የዚያች ጥግ ልጅ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን እስካሁን ከማኅደራቸው ሳይወጣ ቆይቷል። ይህ ያሳፍረናል፤ በዚህ መግለጫ ተሽሯል።

ቀጣዮቹን ዓመታት ያሳለፉት ዘሩን በማብዛትና አዘራሩን በማስተማር ነበር። ፍሬው ጸጉራም ስለሆነ እርስ በርሱም ከልብስ ጋርም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ከደረቅ አሸዋ ጋር ታሽቶ ይዘራል፣ አፈሩም ጥፍር ከሚሸፍን በላይ አይለብስም። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከአጨዳው ነው። ዛላውን በግራ መዳፋቸው ላይ አንድ ጊዜ መታ ያደርጉታል። አምስት ፍሬ ከወደቀ ገና ነው፤ አሥር ከሞላ፣ ማሳው በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ይታጨዳል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከተገዛ በኋላም አሠራራቸው አልተለወጠም፤ ይልቁንም መሣሪያው ከመዳፋቸው ጋር እስኪስማማ ሁለት ጊዜ ለጥገና ተልኳል።

ማክሰኞ ጠዋት፣ እሳቸው ያሠለጠኗት የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ማሳው ገብታ ዛላውን እንዳስተማሯት መታች። አሥራ አንድ ፍሬ ወደቀ። ስለዚህ አጨዳው ሐሙስ ማለዳ መሆን አለበት፤ ቤተሰቡ ደግሞ ቀብሩን ለዚያው ለሐሙስ ማለዳ ቀጥሮ ጨርሷል። አስተዳደሩ ተነጋግሮ አጨዳውን ለመተው ወሰነ። አንጋፋ ባልደረባችንን የሚሸኝ ሰው ጎድሎ ዘር መሰብሰብ ለማንኛችንም የሚዋጥ አልነበረም።

ይህንኑ ለማሳወቅና ለማጽናናት የተላከው ቡድን ባለቤታቸውን ከቤታቸው አገኛቸው። ባለቤታቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ማሳው ነበር። ቴክኒሻኗም መዋሸት አልቻለችም፤ ስንት ፍሬ እንደወደቀ ነገረቻቸው። ባለቤታቸውም እንዲህ አሉ፦ «ዘሩ አይጠብቅም። እሱ መጠበቅ ያውቅበታል። ቀብሩ ከሰዓት ይሁን።»

በዚህ መሠረት ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ መላው ሠራተኛ፣ የሒሳብና የጽሕፈት ክፍሎችን ጨምሮ፣ ማጭድና ጆንያ ይዞ ማሳው ላይ ይገኛል። ዘሩ ለአርባ ሦስቱም ገበሬዎች እንደሚደርስ ማዕከሉ በሙሉ ልብ ያረጋግጣል። ሥርዓተ ቀብሩ በዚያው ዕለት ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ለእህታቸውና ከጎናቸው ተንበርክኮ ሣር ለመረመረ ባልደረባ ሁሉ ብርታትን እንመኛለን። ቤተሰቡ የአበባ ጉንጉን እንዳይመጣ አሳስቧል። ባለቤታቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማሳው የሚመጣ ሰው ልብሱን ሳያራግፍ እንዲመጣ።