የዓርብ ድራፍት

ዓርብ፣ የካቲት 7
ሃያ ሁለት ገጽ ተረጎምኩ። የፍሪጅ አጠቃቀም መመሪያ… አሥር ሰዓት ሲሆን እንደ ሁልጊዜው ፕሪንተሩ አጠገብ ድራፍት መቅዳት ጀመሩ። እዚህ ቢሮ እያንዳንዱ የየራሱን ጠረጴዛ ተከራይቶ ነው የሚሠራው፤ ሰው ከሰው የሚያወራው ዓርብ ዓርብ፣ ብርጭቆ ሲይዝ ብቻ።
"ና እንጂ፣ አንተ ጨጓራ!" አለችኝ የቢሮው ሥራ አስኪያጅ።
ጨጓራዬን ያመኛል ብዬ ከዋሸሁ ወዲህ ስሜ እሱ ሆኖ ቀረ። ሳቅሁ። ከዚያ ሥራ የበዛብኝ ለመምሰል ባዶ ገጽ ላይ ፊደል ስነካካ ቆየሁ። መጠጥ ካቆምኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ማንም አያውቅም። ማን ይጠይቃል?

ሰኞ፣ የካቲት 10
ከጎኔ የሚቀመጠው ፎቶ አንሺ አራት ሰዓት ላይ ገባ። የዓርቡ አድማቂ እሱ ነው፤ ያለሱ ድራፍቱም ውኃ ውኃ ይላል ይላሉ። ዛሬ ግን ሌንሱን መግጠም አቃተው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ያንን እጅ አውቀዋለሁ… የኔ ነበር። ውኃ አስጠጋሁለት።
"ብርድ መታኝ መሰለኝ" አለ።
"አይዞህ።"
በቃ፣ አይዞህ! ሌላ ቃል ጠፋ? ተርጓሚ ነኝ ደግሞ።

ዓርብ፣ የካቲት 14
ፎቶ አንሺውን ወንበር ላይ አወጡት። ሥራ አስኪያጇን አስመስሎ ሲያወራ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሲቀዱለት፣ ሲጨልጥ… ስድስተኛው ላይ መቁጠር ተውኩ። ሲወጣ ደረጃው ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ጨዋታ መስሏቸው። እነሱስ አላወቁም። እኔ ግን አውቅ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18
ወንበሩ ባዶ። ስልክ ቁጥሩን ሥራ አስኪያጇን ጠየቅኋት።
"ጓደኛሞች ናችሁ እንዴ?"
ቁጥሩን ሰጠችኝ። ደወልኩ። እህቱ አነሳች። "ከቢሮው ነው? እሰይ፣ አንድ ሰው ተገኘ!"
ቤቱ ሄድኩ። ክንዱ በጀሶ ታስሯል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።
"ልትመክረኝ ከሆነ ተመለስ።"
"ጨጓራዬ ደህና ነው" አልኩት። "ሰካራም ነበርኩ። ልጄን ከትምህርት ቤት ማምጣት ረስቼ፣ እስኪመሽ በር ላይ ቆማ ቀረች። እናቷ ይዛት ሄደች።"
ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ዞሮ እንኳን አላየኝም።
"እኔን የሚፈልጉኝ ስጠጣ ነው" አለ።
እውነቱን ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 21
ዘጠኝ ተኩል ላይ ላፕቶፔን ዘግቼ ወጣሁ። ወዴት ነው ያለኝ የለም።
እህቱ በሩን ከፈተችልኝ። "ከጠዋት ጀምሮ ሲነጫነጭ ነው የዋለው፤ እንኳን መጣህልኝ።" እሱ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር፤ ጎኑ ተቀመጥኩ። እግሩን ያወዛውዛል።
"ቃል አልገባልህም" አለ።
"መች ጠየቅኩህ?"
ሰዓቱን አየ። አሥር ከሩብ፤ ቢሮ መቅዳት ጀምረዋል።
"ይኼ ሰዓት እንዴት ነው የሚያልፈው?"
"እንጃ… እስከ ዛሬ ብቻዬን ነው ያሳለፍኩት።"