የምስክር ወረቀቱ በራሴ ስም፣ በእሴይ ስም እንዲሰጠኝ

ኦገስት 18 ቀን 2025

ለደቡብ ሲያትል የአረጋውያን ምሳና ጥየቃ ማኅበር
ለክቡር ሰብሳቢው ለአቶ ተክለ ጻድቅ
ቡሪየን

ጉዳዩ፦ የሥራ ልምምድ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት በሟች ወንድሜ ስም ሳይሆን በራሴ ስም እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች እሴይ ጸጋይ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምገባ ተማሪ ስሆን፣ በዚህ የትምህርት ዕረፍት በማኅበሩ የምሳ ክፍል በወ/ሮ ቢልቂስ ኃላፊነት ሥር የሥራ ልምምዴን አከናውኜ ባለፈው ዓርብ ጨርሻለሁ። ታላቅ ወንድሜ አዶኒያስ በዚሁ ቦታ ልምምድ ላይ እያለ አምና በመኪና አደጋ ማረፉን ማኅበሩ ያውቃል። የለቅሶውን ምግብ አብስሎ ያመጣልን ማኅበሩ ነው፤ ይህን ቤተሰባችን አይረሳም።

1. ማኅበሩ ባለፈው ሳምንት በላከልን ደብዳቤ የእኔና የወንድሜ ልምምድ እንደ አንድ እንደሚቆጠር፣ በመጪው ቅዳሜ ምረቃም የምስክር ወረቀቱ በአዶኒያስ ስም ወጥቶ እኔ ተቀብዬ ለእናታችን እንደማስረክብ ገልጾልናል። በቅን ልብ እንደተወሰነ አልጠራጠርም። እናቴ ደብዳቤውን አንብባ ብዙ አለቀሰች። ከዚያም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ራሷ ለአክስቴ ደውላ "አዶኒዬ ጨረሰ" አለቻት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

2. ዕረፍቱን ሙሉ ስሜ "የአዶኒያስ ወንድም" ነበር። ከምሳ ተመጋቢዎቹ አንዱ አባባ መሳፍንት ጨው ሲፈልጉ "የአዶኒያስ ወንድም፣ ና እስቲ" ነው የሚሉኝ። አንድ ቀንም "ወንድምህ ሲገባ ቤቱ ይሞቅ ነበር፤ አንተ ግን ክፉ ውጤት ሊነግር እንደመጣ ሐኪም ቆመህ ታየናለህ" ሲሉኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እውነታቸውን ነው፤ ወንድሜ ቀልድ ያውቅ ነበር፣ እኔ አላውቅም። በሕይወት እያለም እቀናበት ነበር። አሁን ግን ብሶብኛል። ያኔ ቢያንስ ይሳሳት ነበር፣ ያረፍድ ነበር፣ እናቴም ትቆጣው ነበር። ከሞተ ወዲህ አንድም ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም።

3. ሥራውን ግን እኔ ራሴ ተምሬዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እማማ ሣህሊቱ "ይበቃኛል ልጄ" ሲሉኝ ድስቱን ይዤ አለፍኩ። ወ/ሮ ቢልቂስ ወደ ጓዳ ጠርተው "ሶ፣ አንዴ እምቢ ስላሉ ወሰድክባቸው? ኦኬ፣ ስማኝ፤ የመጀመሪያው እምቢታ የይሉኝታ ነው። ለምናቸው እንጂ!" አሉኝ። ከዚያ በኋላ "በሞቴ" ማለት ለመድኩ። ጁላይ ላይ እማማ ሣህሊቱ ከምሳ ሲቀሩ ዴ ሞይን ወዳለው ቤታቸው ደወልኩ። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉኝ። ስልኩን አልዘጋሁም። ቁርስ ምን እንደበሉ፣ መጋረጃውን ከፍተው እንደሆነ ስጠይቃቸው "አንተ ልጅ ፖሊስ ነህ እንዴ? ደህና ነኝ አልኩህ እኮ!" ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ግን ከሌሊት ጀምሮ ወለሉ ላይ ወድቀው መነሳት እንዳቃታቸው፣ ስልኩንም በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ስለነበረ ብቻ እንዳነሱት ነገሩኝ። ወ/ሮ ቢልቂስ ወዲያው አምቡላንስ ጠሩ። ዛሬ እማማ በምርኩዝ እየሄዱ ለምሳ ይመጣሉ።

ይህ ነገር በማኅበሩ ደብዳቤ ላይ "የአዶኒያስ መንፈስ የሠራው ሥራ" ተብሎ ተጽፏል። እማማ ጋ የደወልኩት እኔ ነኝ። የተቆጡትም እኔን ነው።

4. ክቡር ሰብሳቢ፣ ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ደውለውልኝ "ትስማማለህ አይደል፣ ጎበዙ?" ብለው መጠየቅዎን አልክድም። "እሺ፣ ደስ ይለኛል" ብዬ መልሻለሁ። ታላቅ ሰው ስለ ሞተ ወንድሜ ሲጠይቀኝ ሌላ ምን ማለት እንደምችል አላውቅም ነበር። ያ እሺታ የይሉኝታ ነበር። በማኅበራችን አረጋውያንን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ማለፍ ነውር ከሆነ፣ እኔም ሁለተኛ ጊዜ ልጠየቅ ይገባኛል። እንደተጠየቅሁ ቆጥሬ እመልሳለሁ፦ አልስማማም።

ስለዚህ የምስክር ወረቀቱ በስሜ ተጽፎ እንዲሰጠኝና ቅዳሜ ዕለት ስሜ እንዲጠራ በትሕትና አመለክታለሁ። ማኅበሩ ለወንድሜ መታሰቢያ ማድረግ ቢፈልግ አልቃወምም፤ ፎቶውን መርጬ የማመጣው እኔው ነኝ። ልምምዱን ግን አልጨረሰም። ለመጨረስ በጣም ይፈልግ ነበር፤ አልጨረሰም። የእኔን ቢሰጡት የእሱ አይሞላም፤ የእኔ ብቻ ይጎድላል። ይህን ለእናቴ በቃል ልነግራት ሞክሬ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ከዚህ ማመልከቻ እንድታነበው አድርጌያለሁ።

በምረቃው ዕለት አባቶችና እናቶች እጃቸውን ዘርግተው "እደግ፣ ተመንደግ" እንደሚሉ አውቃለሁ። አዶኒያስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። እኔ አሥራ ሰባት ነኝ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እኩያው እሆናለሁ፣ ከዚያም ሳልፈልግ ታላቁ እሆናለሁ። እደግ የሚባል ሰው በቤታችን የቀረው እኔ ብቻ ነኝና፣ ምርቃቱን ለእኔ እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
እሴይ ጸጋይ

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ቢልቂስ፣ የምሳ ክፍል ኃላፊ
ለወ/ሮ ከብረት፣ እናቴ