የጋሽ ዱካሞ ዜሮ

ሰኞ፣ ጥቅ. 3። ከጠዋቱ 2፡40
ስክሪኔ ላይ አሥራ አንድ ማመልከቻ። ሰባቱ አረንጓዴ፣ ሦስቱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ ከታቦር ሰፈር ነው፤ ወ/ሮ ዘነበች፣ አዲስ የውሃ መስመር። ቅየሳው አልቋል፣ ክፍያው ገብቷል፣ ቁፋሮው ላይ ቆሟል። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ።

ደብተሬ፣ ሲስተሙን እስካሁን አላስረዳሁሽም። ድሮ የአንድ ደንበኛ ፋይል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ በእጅ ነበር የሚሄደው። አሁን አንዱ ሠራተኛ «ጨርሻለሁ» የሚለውን ሲጫን ሥራው ለሚቀጥለው ይደርሰዋል። ባንኩ ክፍያውን ራሱ ያሳውቃል፤ ለደንበኛው በስልኩ መልእክት ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ሥር ደግሞ ሠራተኞች የሚነጋገሩበት ቦታ አለ። ቀነ ገደቡ ያለፈ ሥራ ቀይ ይሆናል።

የሥራውን ደረጃዎች የሳልኩት እኔ ነኝ። ስድስት ናቸው። ሲስተሙን ከሠራው ድርጅት ሊዲያ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ሐምሌ ላይ አራት ቀን አዳራሽ ተቀመጥን። እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚሠራውን ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። ጋዜጣ ላይ ሃያ ዓመት የሠራሁት ይኸንኑ ነበር። ጋዜጣው ሲዘጋ ነው ወደዚህ፣ ወደ ውሃ መ/ቤት ሰነድ ክፍል የመጣሁት። ሥዕሉ በትልቁ ታትሞ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። ደስ ይለኛል፤ አልደብቅሽም።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 4። ከሰዓት 9፡00
ሙባረክ፣ ቀያሹ፣ ዛሬ የቢሮው መሣቂያ ሆነ። ለግምጃ ቤቱ ሰው «ምሳ አሞራ ገደል፣ 6፡30፣ ዓሳው በእኔ» ብሎ ይጽፋል። የጻፈው ግን ከአንድ ማመልከቻ ሥር ነው፤ «ለደንበኛው ይላክ» የሚለውም ምልክት አልተነሣም። ከሰዓት አንድ የአዲስ ከተማ ሰፈር ነጋዴ ስልኩን ይዞ መጣ። ከውሃ መ/ቤት የመጣ መልእክት ነው ብሎ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ሄዶ ግማሽ ሰዓት ቆሟል። ቆጣሪ የሚታደል መስሎት። ሙባረክ ይቅርታ ሲጠይቀው ሰውየው ኮስተር ብሎ፦

«ቆጣሪውን ተወው ወንድሜ። ዓሳው የታል?»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ሙባረክ ምልክቱን ማንሣት ተማረ። የታቦሩ ማመልከቻ አሁንም ቀይ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 6። ከጠዋቱ 4፡15
ሥራ አስኪያጁ አቶ ታምራት አስጠሩኝ። ሲስተሙ የመጀመሪያውን ወር ሪፖርት አውጥቷል፤ የሠራተኛ ስም፣ ከጎኑ የጨረሰው ሥራ ብዛት። ከሁሉም ታች ዱካሞ። ዜሮ።

ጋሽ ዱካሞ ጡረታ ከወጡ በኋላ በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው ያሉት። መደባቸው «የመስመር ክትትል ረዳት» ይላል። ውሉ በጥቅምት መጨረሻ ያበቃል። አቶ ታምራት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቦርዱ ግን ሥራ የሌላቸውን መደቦች ዝርዝር ጠይቋቸዋል። የፊታችን ሰኞ ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ እንዲደርስ። ብዕርሽ ጥሩ ስለሆነ ከዝርዝሩ ጋር የሚሄደውን ደብዳቤ አንቺ አርቅቂው አሉኝ። እሺ አልኩ።

እሺ ማለቴን አሁን ሳየው ፈጥኗል። ጋሽ ዱካሞ ምን እንደሚሠሩ አላውቅም። አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ማንም አልጠራቸውም፤ እኔም።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 8። ከቀኑ 7፡00
ታቦር ሄድኩ። ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ቀይ ምልክቱን በዓይኔ ላየው ፈለግሁ።

የወ/ሮ ዘነበች በር ላይ ኮብልስቶኑ ተነሥቶ ሦስት ጉድጓድ። ሦስቱም ውስጥ ቧንቧ የለም። አዲሱ መስመር የሚቀጠልበት የድሮው ቧንቧ ወረቀቱ ባለበት ቦታ አልተገኘም። ሙባረክ ፕላኑን እያገላበጠ ያያል። ወ/ሮ ዘነበች በባጃጅ ያስመጣችውን ጀሪካን እያወረደች ለእሱ እንዲሰማ ትናገራለች፤ ጉድጓዱን ዓሳ ሊያረቡበት ነው ወይ ትላለች። የምሳው ወሬ እዚህም ደርሷል።

ጋሽ ዱካሞ ከታች በኩል መጡ። ማንም አልጠራቸውም፤ ቆፋሪዎቹ ሲያወሩ ባጃጅ ውስጥ ሰምተው ነው። ሰላም አሉን። ከጎረቤቱ አጥር ማዕዘን ተነሥተው መራመድ ጀመሩ። በቋንቋቸው፣ በሲዳሙ አፎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይቆጥራሉ። ቆሙ። መሬቱን በተረከዛቸው መቱት። ቆፋሪዎቹ እዚያ ቆፈሩ። ጉድጓዱ ወገብ ሳይደርስ ቧንቧው ተገኘ።

ወ/ሮ ዘነበች፦ «ይህን ሁሉ ቀን የት ነበሩ፣ ጋሼ?»

«ማን ጠራኝ?»

በቁጣ አልነበረም። ለጥያቄ መልስ ነው የሰጡት። ሙባረክ ወደ ጫማው አየ።

ቅዳሜ፣ ያው ቀን። ከሰዓት 10፡30
ሙባረክ ሸኘኝ። መንገድ ላይ ተናዘዘ ማለት ይቻላል። ቅየሳ ከጀመረ ጀምሮ ለጋሽ ዱካሞ ሳይደውል ሜትር ዘርግቶ አያውቅም ነበር። የድሮዎቹ ቧንቧዎች ሲቀበሩ እሳቸው ነበሩ፤ ወረቀቱ የተሠራው ከዓመታት በኋላ ቢሮ ተቀምጦ ነው። ሁሉም ቀያሽ ያውቃል። ሲስተሙ ሲመጣ ግን ቅየሳ ሁለት ቀን ተባለ፤ ሰዓቱ ሲቆጥርበት ስልኩን ተወው። አረንጓዴ መሆን ጥሞት ነበር።

ሐምሌ ላይ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው? ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ቧንቧውን የሚያሳዩኝ ሽማግሌ ናቸው ልበል? የጠየቅሽኝ ሥራህ ምንድን ነው ብለሽ ነው፣ እቴ። መመሪያው ላይ ያለውን ነገርኩሽ።»

ሁሉም እንደዚያ ነው ያደረጉት። እንደሚሠሩት ሳይሆን እንደ መመሪያው ተናገሩ። እኔም መመሪያውን ሁለተኛ ጊዜ ጽፌ ሥራ ነው ብዬ ሰቀልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅ. 10። ከጠዋቱ 5፡00
የአምናን ፋይሎች አወጣሁ። ከእያንዳንዱ ፕላን ጠርዝ በእርሳስ፦ «ከዋርካው 14 እርምጃ»፣ «ከወፍጮ ቤቱ በር 9፣ ወደ ሐይቁ»። የሙባረክ እጅ ጽሑፍ፣ የጋሽ ዱካሞ እርምጃ። አርባ ፋይል አየሁ፤ እርሳስ የሌለበት ሦስት ብቻ። ፋይሎቹ ወደ ሲስተሙ ሲገቡ ስካን ያደረግናቸው እኛው ነን። እርሳሱ ደብዛዛ ነው፣ ስካኑ ላይ አልወጣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11። ከሰዓት 8፡20
ለሊዲያ ደወልኩ። ደረጃ መጨመር ይቻላል ወይ? ሩብ ሰዓት አይፈጅም አለች። ሙባረክ ደውሎ ይጠይቅ፣ መልሱን ያስገባ። ቀላል።

ከዚያ ገባኝ። ሲስተሙ የሚቆጥረው የተጫነውን እጅ ነው። ሙባረክ ከተጫነ ሥራው የሙባረክ ይሆናል፤ ጋሽ ዱካሞ ዜሮ እንደሆኑ ይቀራሉ። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ በራሷ ነው የሳቀችው። ለደንበኛ መልእክት የሚልክ ሲስተም መልስም መቀበል ይችላል አለች። ተራ የቁልፍ ስልክ ይበቃል። ጥያቄው ለጋሽ ዱካሞ ይደርሳቸዋል፣ ቦታውን አይተው በቁጥር ይመልሳሉ፣ ሥራው በስማቸው ይመዘገባል። ለመክፈት ግን የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 12። ከምሽቱ 2፡00
ከሥራ መልስ ጋሽ ዱካሞ ቤት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ሥዕሉን ሳልጠይቃቸው መሳሌን፣ ዜሮውንም ነገርኳቸው። ስለ ዜሮው አያውቁም ነበር። ልጃቸው ቲቪውን ዝቅ አደረገች።

የስልኩን ነገር አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ እርምጃዬን አንድ በአንድ ለማሽኑ ከሰጠሁት በኋላ እኔን ለምን ይፈልጉኛል?

  አንድ ቀን አይፈልጉዎትም፣ እስከዚያ ግን የሠሩት በስምዎ ይጻፋል። የማውቀው ይህን ብቻ ነው አልኩ።

 ፈገግ አሉ።

«እርምጃዬ አጭር ናት። ያ ረጅሙ ሙባረክ በራሱ እግር ቢለካት ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው። እኔ ገና ብዙ ጊዜ እፈለጋለሁ።»

ዓርብ፣ ጥቅ. 14። ከጠዋቱ 3፡30
ደብዳቤውን አስገባሁ። አንድ ገጽ ተኩል። ሁለተኛው አንቀጽ፦ የሥራ ሂደቱ ሥዕል ስህተት አለበት፤ ስህተቱ የእኔ ነው፤ በሪፖርቱ ላይ ያለው ዜሮ ሥራ አለመኖሩን ሳይሆን ሥራው አለመመዝገቡን ያሳያል። አርባዎቹን ፋይሎች አባሪ አደረግሁ። ጋዜጣ ላይ ስንሳሳት ማረሚያ እናወጣ ነበር። አጭር፣ ያለ ሰበብ።

ከሰዓት 9፡45
አቶ ታምራት ሁለቴ አነበቡት። በር ዘጉ። ሥዕሉን ለቦርዱ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው፤ ጭብጨባም ነበረ። አሁን ስህተት ነበር ማለት ይከብዳቸዋል። አልፈርድባቸውም። ሐሳባቸው ይህ ነው፦ ሁለተኛው አንቀጽ ይውጣ፤ ጋሽ ዱካሞ በሽምግልናቸው ታዝኖላቸው ውሉ ለሦስት ወር ይራዘም። ማንም አይጎዳም አሉ። እስከ ሰኞ አስቢበት።

አሰብኩ። ሦስት ወር ደመወዝ ነው፤ በእጅ ያለ ነገር። አንቀጹ ካልወጣ ደግሞ ቦርዱ ሊቆጣና ሁሉንም ሊሰርዝ ይችላል። በሰው ኑሮ ላይ ቀና ለመባል መጫወት አልፈልግም።

እሑድ፣ ጥቅ. 16። ከቀኑ 6፡10
ባለፈው የተሳሳትኩት ሳልጠይቅ ነው። ጋሽ ዱካሞን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠበቅኳቸው። ሁለቱንም መንገድ ነገርኳቸው፤ የሚያሰጋውንም ሳልቀንስ። መዝሙር መጽሐፋቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ።

እዘኑልኝ ብዬ አላውቅም አሉ። ሠርቶ ከሆነ ሠርቷል በይ፤ ካልሠራ ይሂድ። ሦስት ወር ታዝኖልኝ ብቀመጥ ልጄ ፊት ምን ብዬ ጠዋት እወጣለሁ?

እርግጠኛ ነዎት ወይ ብዬ ደግሜ ጠየቅሁ። ገላመጡኝ።

«ጽፈሽ ያዥው እንግዲህ። መጻፍ አይደል ሥራሽ?»

ሰኞ፣ ጥቅ. 17። ከጠዋቱ 2፡25
ደብዳቤው በአራት ቅጂ ታትሟል። ሁለተኛው አንቀጽ እንዳለ ነው። ቦርዱ ምን እንደሚል አላውቅም፤ አቶ ታምራት ምን እንደሚሉ ግን አውቃለሁ። የሰባተኛውን ደረጃ ረቂቅም ከሥሩ አያያዝኩ። ኃላፊ በሚለው ቦታ፦ ዱካሞ። ከታች እኔ ፈረምኩ። አሁን ላስገባ እየተነሣሁ ነው።