ኸይር ነው ያላለው ሐኪም

የካቲት 1፣ ቅዳሜ፣ መርሳ

«ሕልሙን ለሐኪም ከሚናገረው ለሽማግሌ ቢናገረው ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣበት!» የዘወትር ተመልካቼ ኑርሁሴን ነው፣ ከፊልሙ አዳራሽ ሲወጣ። እውነቱን ነው። ፊልሙም በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በማስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም አሳያለሁ። ንግግሩን ጮክ ብዬ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ ሲያልቅ የገጸ ባሕርዩን ሥነ ልቦና አብራራለሁ። ለማብራሪያው የሚቀረው ፀሐይ የፈራ ነው።

የዛሬው ሰውዬ ማለቂያ የሌለው ደረጃ ሲወጣ ያልማል። «ሕልም አየሁ» ብሎ ለሐኪሙ ሲጀምር አዳራሹ እንደ ወጉ፣ ሕልሙ ለመልካም እንዲሆን፣ በአንድ አፍ «ኸይር ነው!» አለ። ሐኪሙ ግን ሲጋራውን ለኮሰ። ከዚያ ወዲያ የሚወደው ሰው አላገኘም። ደረጃው ጸጸት ነው ብዬ አስረዳሁ... ማን ሰማኝ?

የካቲት 2

ጎረቤቴ እትዬ ቡርቱካን መጡ። አስፋልት ዳር ማንጎ የሚሸጡት። ልጃቸው ሙስዐብ በባሕር ወደ ሳዑዲ ከወጣ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። ሕልም አይተው ለማንም ሳይናገሩ ይዘውት ከርመዋል። ሕልም እንደ ፈቺው ነዋ... ክፉ አፍ ላይ ከወደቀ አለቀ።

«ትናንት የዚያን ፈረንጅ ስትፈታለት ሰማሁህ። የኔንም ፍታልኝ።»

በሕልማቸው ሙስዐብ ልብሱ ውኃ እያንጠፈጠፈ ደጃፍ ቆሟል። ግባ ቢሉት አይገባም።

«ውኃው ያንቱ ፍርሃት ነው» አልኳቸው። «ስለ ልጁ የሚነግረን ነገር የለም።»

ረጋ ያለ፣ ሳይንሳዊ መልስ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ኸይር ነው እንኳ አላልከኝ፣ መምህር።»

የካቲት 4

የማንጎው ቦታ ባዶ።

የካቲት 5

ዛሬም አልወጡም። ኑርሁሴን መንገድ ላይ ያዘኝ።

«ምን ብለህ ነው የፈታህባቸው?»

«ፍርሃት ነው ብዬ።»

«ይኸው፣ ፍርሃት ሆነልሃ! እህል አይቀምሱም አሉ። ሊቅ ነህ ወላሂ!»

በፊልም ያየሁት ሐኪም ሁሉ እንዲህ ፈጥኖ ተሳክቶለት አያውቅም።

ኸይር ነው ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር?

የካቲት 7

ላስተካክል ሄድኩ። ሌላ ትርጉምም አለው ምናምን... በሩን ገርበብ አድርገው ሰሙኝ።

«የተፈታ ሕልም ተመልሶ አይፈታም፣ ልጄ። ሌላ ሕልም ካልሻረው።»

ዘጉት።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

በማለዳ በራቸውን አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ ሌሊት ሕልም አየሁ።»

«ኸይር ነው!» ገና አፌን ሳልዘጋ።

ሙስዐብን ነው፣ አልኳቸው። ልብሱ ደረቅ ነው። ግባ ሳይሉት ገባ። ማንጎ ሰጡት፣ ጭማቂው በክርኑ ወረደ...

«በላ?»

«እስከ ፍሬው ጋጠው።»

ቁጭ አሉ። ራሳቸው ፈቱት፤ እኔን አልጠየቁም። «ደርሷል። አልሐምዱሊላህ፣ ደርሷል።» ቁርስ አብረን በላን።

ከሰዓት ማንጎአቸውን ይዘው አስፋልት ዳር ነበሩ። ሙስዐብ አልደወለም። ከፊልሙ በኋላ ማብራሪያ አልሰጠሁም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ሕልም አየሁ ያልኩበትን ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።