አባዬ ያንኳኳው በር

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ውድ ወንድሜ ቴልሞ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። የደበቅሁህ ነገር አለ። እንዴት ብዬ እንደምነግርህ ስላላወቅሁ መጀመሪያ ሰላም ልበልህ።

እንዴት ነህ ወንድምዬ? ወገብህስ ተሻለህ? እዚያ ሉክሰምበርግ እንግዲህ ብርዱ ገብቷል፤ ፎቅ ላይ ወጥተህ ስትሠራ ያን ወፍራም ሹራብ ትለብሰዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ «አይበርደኝም» እያልክ ነው? ሲልቪናስ ደህና ናት? ትንሿ ኢሪስ ጥርሷ ወጣላት? ሲያማት ሌሊቱን ሙሉ እንዳስጨነቀቻችሁ ሲልቪና ነግራኝ ነበር። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ትንሽ ከሳሁ እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም።

በየእሑዱ ስትደውል እኔ «ሁሉም ደህና ነው» እልሃለሁ። ስልኩን ስሰጠው አባዬም «ሁሉም ደህና ነው» ይልህና ስለ እግር ኳስ ታወራላችሁ። ከዘጋህ በኋላ አንዳንዴ «ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቀኛል። በስልክ ልነግርህ ስላልቻልኩ ነው የምጽፍልህ።

አባዬ መንገድ እየጠፋበት ነው። አልፋማ ሰፈር ውስጥ ተወልዶ፣ አሥራ አንድ ዓመት በዚያች ቀይ ባጃጅ እንግዳ ሲያዞር የኖረ ሰው፣ ካቴድራሉን እንዳለፈ በየት እንደሚታጠፍ አያውቅም። መንዳቱን አልረሳም፤ ቁልቁለቱን እንደ ድሮው በጥንቃቄ ነው የሚወርደው። ወሬውንም አልረሳም። ዛሬም እንግዶቹን «ሊዝበን ሰባት ኮረብታ ነው ያላት ይላሉ፤ ይቺ ባጃጅ ግን ዳገት ስትወጣ አሥራ አንድ ቆጥራለች» ይላቸዋል፤ ዛሬም ይስቁለታል። የጠፋበት መንገዱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ማርች ውስጥ ነው። ቅዳሜ ስለነበር አብሬው ወጥቼ ነበር። ባጃጇን ትራሙ ሀዲድ ላይ አቁሞ ግራና ቀኝ ማየት ጀመረ። ከኋላችን የመጣው የትራም ሾፌር ደወሉን እያንቃጨለ «አንተ ሽማግሌ! ትራስ ላምጣልህ?» ብሎ ጮኸበት። እንግዶቹ ሳቁ። አባዬም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አሁንም መንገዱን ይፈልግ ነበር። ከመቀመጫዬ ተጠግቼ ቀኝ ትከሻውን ነካ አደረግሁት። ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ከዚያ ወዲህ ሁሌም ከኋላው እቀመጣለሁ። ግራ ትከሻውን ስነካው ወደ ግራ፣ ቀኙን ስነካው ወደ ቀኝ፣ መሃል ጀርባውን ስነካው ይቆማል። እንግዶቹ አባቷን የምትወድ ልጅ ናት ይላሉ። እሱ ለሌሎቹ የባጃጅ ሾፌሮች «እንግሊዝኛ ልትለምድ ነው» ይላቸዋል። እኔና እሱ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ትምህርት ቤት የቀረሁትም ለዚህ ነው። እሱንም ስላልነገርኩህ ይቅርታ አድርግልኝ።

የእኔ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

የድሮ ቤታችንን ከተሸጠ ወዲህ አላየኸውም። አሁን የቱሪስት ማረፊያ ሆኗል። በሩን አረንጓዴ ቀብተውታል። የቁልፍ ቀዳዳ የለውም፤ በእሱ ፈንታ ቁጥር የሚነካበት ትንሽ ሣጥን ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ሴፕቴምበር ውስጥ አንድ ቀን ቤቱ ካለበት ከሳንቶ ኢስቴቫው ደረጃ በታች ስንደርስ፣ አባዬ እኔ ሳልነካው ባጃጇን አቆመና አራቱን እንግዶች «ኑ፣ ቤቴን ላሳያችሁ» አላቸው። ቀልድ መስሎኝ ተከተልኩት። ደረጃውን ወጥቶ ከኪሱ የድሮውን ቁልፍ አወጣ። እስከዚያን ቀን መያዙን አላውቅም ነበር። ቁልፉን በሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ ቀዳዳ ሲፈልግ ቆየ። ሲያቅተው አንኳኳና «እማ! እማ፣ እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ፣ ክፈቺልኝ!» ብሎ ተጣራ።

ፀጉሯን በፎጣ የጠቀለለች አንዲት ወጣት ቱሪስት ከፈተች። አባዬ ባርኔጣውን አንስቶ «እናቴን ጥሪልኝ የኔ ልጅ» አላት። ልጅቷ ሳቀች፤ እንግዶቹም ሳቁ፤ ከዚያ አጨበጨቡ። የጉብኝቱ ትርኢት መስሏቸው ነው። እኔ እጁን ይዤ አወረድኩት። ባጃጇ ጋ ስንደርስ ሁሉንም ረስቶታል።

በማግስቱ የባጃጆቹ ባለቤት ሴልሶ፣ ከተማውን ቁልቁል በሚያሳየው፣ ሾፌሮቹ በሚሰበሰቡበት ማማ ላይ ስልኩን ከፍቶ እንግዶቹ ስለ አባዬ የጻፉትን ጮክ ብሎ አነበበ። ከተማው ውስጥ ካዩት ሁሉ የሚበልጠው በሩ ላይ የተጫወተው ሽማግሌ ነው ብለዋል። «አርሚንዶ! አንተ ለካ ተዋናይ ነህ፤ እኔ ሞኙ ሾፌር ብዬ ቀጠርኩህ!» አለው። ሾፌሮቹም «ፊርማህን ስጠን እንጂ» «ሚስት ሆኖ የሚጫወት ካስፈለገህ እኔ አለሁ» እያሉ ቀለዱበት። አባዬ ምን እንደሚሉ ስላልገባው አብሮ ሳቀ። ሴልሶ ወደ እኔ ዞሮ «ይቺን ነገር በየቀኑ ድገሟት፤ ሰው ስለ እሷ ብሎ እየደወለ ነው» አለኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ ቴልሞ። ታውቀኛለህ ግን፤ ሰው ሲያየኝ ፊቴ ይቀላል፣ ምላሴ ይተሳሰራል። አንገቴን ደፋሁ። ሴልሶ እሺ ያልኩ መሰለው።

ባለፈው ሐሙስ ከመርከብ የወረዱ አምስት ሰዎች ያዝን። ገና ሳንነሣ አንዱ «የእናትየው በር መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባዬ «የምን በር?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አምስቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ዛሬ የለም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ሳንቶ ኢስቴቫው ስንደርስ መሃል ጀርባውን ነካሁት። እኔ ነኝ የወሰድኩት። በእነዚህ ጣቶቼ።

እንደገና ደረጃውን ወጣ። እንደገና አንኳኳና «እማ፣ እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ» አለ። በዚህኛው ጊዜ ማንም አልከፈተም። እየደጋገመ ተጣራ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ልጅ ድምፅ እየሆነ ሄደ። ከፊት ለፊት መስኮት ላይ ልብስ የሚያሰጡት ዶና ግራሲየቴ ብቅ አሉ። ከድሮ ጎረቤቶቻችን የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። መጀመሪያ በቁጣ «አንተ አርሚንዶ፣ በእናትህ ስም አታፍርም?» አሉት። እሱ ቀና ብሎ «ዶና ግራሲየቴ፣ እናቴ የት ሄዳ ነው? ገበያ ወጣች?» ሲላቸው ፊቱን አይተው የያዙትን ልብስ አስቀመጡ። ከዚያ በቀስታ «ዴኦሊንዳ እኮ ሞታለች ልጄ። ሦስት ዓመቷ ነው» አሉት።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?» አለኝ። «አዎ አባዬ» አልኩት። «ስትቀበር ነበርኩ?» አለኝ። «ነበርክ፤ ሬሳ ሣጥኑን የተሸከምከው አንተና ቴልሞ ናችሁ» አልኩት። «ታዲያ ለምን ማንም አልነገረኝም?» ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። አያታችን የሞተች ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። ለእሱ የሞተችው ሐሙስ ነው።

እንግዶቹ ቋንቋችንን አይሰሙም። አጨበጨቡ። አንዷ ሴት ብቻ ስልኳን አወረደችና አፏን በእጇ ያዘች። ዶና ግራሲየቴ በነጠላ ጫማቸው ወርደው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በብርጭቆ አመጡለት፤ ድንጋጤ ያበርዳል ብለው። እያጠጡት እኔን አዩኝና «አንቺ ነሽ ያመጣሽው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ፊታቸውን ወደ እሱ መልሰው ማጠጣቱን ቀጠሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ላይ ረስቶት ሰርዲን እየጠበሰ ያፏጭ ነበር። ትናንት ግን ጢሙን ሲላጭ ድንገት አእምሮው ጥርት አለለትና በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ «ኖኤሚያ፣ ከተማው አንዳንዴ ይንቀሳቀስብኛል» አለኝ። «ለቴልሞ እንዳትነግሪው። ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ማይልኝ» አለ። ማልኩለት። ይኸው ዛሬ መሐላዬን አፍርሼ እየጻፍኩልህ ነው። ሳሎን ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል፤ ለጓደኛዬ የምጽፍ መስሎታል።

ና ብዬ አላስጨንቅህም። ግን እሑድ ስትደውል ስለ ኳስ ብቻ አታውራው። ስለ ልጅነቱ ጠይቀው፤ እሱን ገና አጥርቶ ያስታውሳል። የኢሪስንም ድምፅ አሰማው። ገና እያወቃት ይስማት።

ሲልቪናን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ኢሪስን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላክሁላት ካልሲ ካልሆናት ለአሻንጉሊቷ ይሁን። የሲልቪናን እናት ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ጠይቅልኝ። ዶና ግራሲየቴ ሰላም ብለውሃል፤ አሁንም «ያ መስታወቴን የሰበረው ልጅ» ነው የሚሉህ። አባዬም ሰላም ይልሃል፤ ባልጠይቀውም እንደሚልህ አውቃለሁ።

ለነገ ሴልሶ ስድስት ሰው ይዟል፤ በሩን እንደሚያዩም ቃል ገብቶላቸዋል። አያዩትም። ጠዋት መጀመሪያ ለአባዬ እዚሁ ወጥ ቤታችን ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ ያየሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ። ቢቆጣም እነግረዋለሁ። ከዚያ ብቻዬን ማማው ላይ ወጥቼ ሾፌሮቹ ሁሉ ባሉበት ለሴልሶ «አባቴ ታሟል፤ ከዛሬ ጀምሮ አይነዳም፤ በሩም ጨዋታ አልነበረም» እለዋለሁ። ፊቴ ሲቀላ ይየኝ። ተመልሼ አባዬን ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ። ሐኪሟ ምን እንደሚያመው ስትጠይቀው «ደህና ነኝ» ብሎ ቀልድ ይጀምርላታል፤ እሷም ትስቃለች። እኔ ግን እስክትጨርስ ጠብቄ እናገራለሁ።

እህትህ ኖኤሚያ
ማርቪላ፣ ሊዝበን