ስለ መምህር ባንተአምላክ አበባው ዕረፍትና በከብት ገበያው ግንብ ላይ ስላሉት ሁለት ግመሎች

የቆቦ ግመልና ከብት ነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር አባል የነበሩት ሠዓሊው መምህር ባንተአምላክ አበባው ባደረባቸው ሕመም በዚህ ሳምንት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ማኅበራችን አዝኗል። ይህንን ለአባላት፣ ለትምህርት ቤት ባልደረቦቻቸውና ለሕዝቡ እናሳውቃለን፤ ቃሉ የማኅበሩ ነው፣ ሰብሳቢያችን አቶ ሙህሲን ረዲ እንደተናገሩት ተጽፏል።

አባላችን ነበሩ ስንል ነጋዴ ነበሩ ማለታችን አይደለም። አንድም ቀን ግመል ሸጠው አያውቁም። አባል ያደረግናቸው እኛ ስላስተማርናቸው ነው።

በ1999 ዓ.ም. ሥዕል እንዲያስተምሩ ተመድበው ከደብረ ታቦር ወደ ቆቦ መጡ። ዲፕሎማ ነበራቸው፣ የሰለጠነ እጅም ነበራቸው። ግመል ግን አያውቁም ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ማኅበሩ ጠይቋቸው በከብት ገበያው ግንብ ላይ ግመል ሣሉ። ቀለሙ ያማረ ነው፣ ሻኛውም በልኩ። እግሩ ግን የአህያ ሆነ፤ ግራና ቀኙን አፈራርቆ ይረግጣል። ግመል ሲራመድ የአንድ ጎኑን ሁለት እግር አብሮ እንደሚያነሳ እዚህ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። የዚያን ቀን የተሳቀውን ሳቅ መደበቅ አይቻልም። አባላችን አቶ ሐጎስ «መምህር፣ አህያዎ ጀርባዋ አብጧል፤ ለሐኪም ያሳዩልን» ማለታቸው እስከ ጎረቤት ከተማችን ሮቢት ተወርቷል።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝውውር ይጠይቅ ነበር። እሳቸው ግን ገበያ በቆመ ቁጥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መሣል ጀመሩ። የሣሉትን ለእረኛውም፣ ለአፋር ነጋዴውም፣ ለእኛም ያሳያሉ። እኛም አናሞግስም። ጉልበቱ ወርዷል፣ ከንፈሩ የሰው መሰለ፣ ይሄ ውኃ የጠገበ እንጂ የተጠማ አይደለም እንላለን። አይከራከሩም፤ ያጠፋሉ፣ ደግመው ይሥላሉ። እንዲህ ሲሆን ዓመታት ሄዱ።

በ2008 ዓ.ም. ከፊተኛው አጠገብ ሁለተኛውን ግመል ሣሉ። ሰብሳቢያችን ቀርበው አዩና «የሚታረም የለውም» አሉ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው በቀላሉ እንደማይወጣ የሚያውቃቸው ያውቃል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግመል የጠፋበት ሰው የግመሉን መልክ ሲነግራቸው እየሰሙ ይሥሉና ሥዕሉ በሮቢትና በጎብዬ ከተሞች ይለጠፍ ነበር። በዚህ ብዙ ግመል ከባለቤቱ ተገናኝቷል። ተማሪዎቻቸውንም ወደ ግንቡ እያመጡ «ስህተቱን ፈልጉ» ብለው ትምህርቱን ያስጀምሯቸው ነበር። ስህተቱ የማን እንደሆነ ደብቀው አያውቁም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፍሬዓለም፣ በሟቹ እንዳይሳቅ የመጀመሪያው ግመል በኖራ እንዲጠፋ ማኅበሩን ጠይቀዋል። የሐዘንተኛ ጥያቄ ነውና በክብር ተቀብለን መክረንበታል። ግመሉ አይጠፋም። እሱ ከጠፋ ሰውየው ሳይማሩ አውቀው የተወለዱ ይመስላሉ፤ ያ ሁሉ ፀሐይ፣ ያ ሁሉ ማጥፋትና መድገም ከንቱ ይቀራል። ማኅበሩ ይህን አይፈቅድም። ዝናብ ቀለሙን ካደበዘዘው ሁለቱም እንደነበሩ ይታደሳሉ፤ የፊተኛውን እግር ላርም የሚል ሠዓሊ ግን ከግንቡ ይራቅ።

ለቤተሰባቸውና ለባልደረቦቻቸው ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው እንላለን። ሙስሊሙ አባላችን በዱዓው፣ ክርስቲያኑ በጸሎቱ ያስባቸዋል።

ወይዘሮ ፍሬዓለም፣ የሚስቅ ይሳቅ። ስቆ ሲጨርስ ዓይኑ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል።

የቆቦ ግመልና ከብት ነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር
ቆቦ