በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው የጨው ሰፈር

ሰኞ፣ ፌብሯሪ 6፣ 2012። ጠዋት

ሠላሳ ሁለተኛው ፎቶ። ስካነሩ ያቃስታል፣ እኔም አቃስታለሁ። ከሰዓት ሺፍት አለብኝ፤ የፓርኪንጉ ማናጀር አምስት ደቂቃ ካረፈድኩ ፊቱን ያጠቁርብኛል። ደብተሬ፣ ካንቺ ጋ የማወራው በየመሀሉ ነው፣ አትቀየሚኝ።

አባዬ አጠገቤ ተቀምጧል። የድሮውን የብስኩት ቆርቆሮ ጭኑ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ያቀብለኛል። ጨው የሚያፍሱ ወንዶች፣ ከዓይናቸው በቀር ሁሉ ነገራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ። ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች፤ ነፋሱ ጨው ስለሚያመጣ ልብሱ ገመድ ላይ ደርቆ ቀጥ ብሏል። ፀጉር አስተካካዩ በቆርቆሮ ጥላ ሥር። እኔ ራሴ፣ ጥርሴ ወልቆ፣ የጨው ክምር ላይ።

እዚያ ነው ያደግሁት። አሰብ አጠገብ፣ የባሕሩን ውኃ ኩሬ ውስጥ አስገብተው በፀሐይ እያደረቁ ጨው የሚያመርቱበት ሰፈር። አባዬ የሰፈሩ ብቸኛ ፎቶ አንሺ ነበር። ከእያንዳንዱ ሁለት ያጥባል፤ አንዱን ለባለቤቱ፣ አንዱን ለራሱ። ከጀርባው በእርሳስ ስምና ቀን ይጽፋል። ኩራቱ ይኼ ነው።

ሮማን ሁለቴ ኮል አደረገች። አብሮ አደጌ ናት፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ከድልድዩ ማዶ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። ጾም ሳይገባ፣ ቅዳሜ 18፣ የሰፈራችን ሰዎች በቤ/ክ አዳራሽ እንገናኛለን፤ ፎቶዎቹ ይሰቀላሉ። ከሁሉ የቸኮሉት እናቷ እማማ ዘነበች ናቸው። የልጃቸው የተሾመ አንድም ፎቶ የላቸውም። በጦርነቱ ጊዜ በሁለት ሳምንት እንመለሳለን ብለው ሁሉን ጥለው ነው ከሰፈሩ የወጡት። ተሾመ በጀልባ የመን ተሻገረ ተባለ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ሃያ ዓመት አለፈ። እሳቸው ግን ዛሬም ስልክ ሲጮህ ከሮማን ቀድመው ያነሳሉ።

ረቡዕ፣ ፌብ. 8። ፓርኪንግ፣ በብሬክ ሰዓቴ

የዕብድ ቀን። አባዬ ጠዋት ክሊኒክ ነበር። እኔ ልጨርስ ብዬ ተጣደፍኩ። ከቆርቆሮው ሥር፣ ከተነጠፈው ጋዜጣ በታች፣ ቡኒ ፖስታ አገኘሁ። ሁለት ፎቶ። አላየሁትም፣ እውነቴን ነው። ስካነሩ ላይ ጣል፣ ቁልፉን ጫን፣ ቀጣይ። ሮማን በር ላይ መጥታ ፎቶዎቹን የጫንኩበትን ፍላሽ ወሰደች። ተገላገልኩ!

አባዬ ሲመለስ ቆርቆሮውን ከፍቶ ጋዜጣውን ዳበሰ። ፖስታውን ማን እንደነካ ጠየቀኝ። ስካን አድርጌ ለሮማን ሰጠኋት አልኩት፣ እንደ ሥራ ወዳድ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ምሳውን አልነካም። ስወጣም እዚያው ነበር። ምን ሆነ?

ሐሙስ፣ ፌብ. 9። ጠዋት

አየሁት። ከፖስታው የመጀመሪያውን ፎቶ አወጣሁ።

ቀብር ነው። ነጩ መሬት ላይ የሬሳ ሣጥን። ፊት ለፊት አንድ ሰውዬ፣ በአገራችን ደንብ፣ የሟቹን ፎቶ በፍሬም ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። በፍሬሙ ውስጥ ተሾመ ይስቃል። የተውሶ ኮት ለብሶ፣ ከኋላው አባዬ መጋረጃ ላይ ያሳለው ዘንባባ። ሌላው ፎቶ ያ የስቱዲዮው ራሱ ነው። ከቀብሩ ጀርባ በእርሳስ፦ ተሾመ። ግንቦት 83። ወባ።

አባዬ አልካደም፣ ሁሉን ነገረኝ። ጦርነቱ ሲቃረብ እማማ ሮማንን ይዘው በጭነት መኪና አ.አ. ወጡ። ተሾመን ቤቱን ጠብቅ ብለው አስቀሩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ወባ በአራት ቀን ወሰደው። አባዬና ጥቂት ጎረቤቶች ቀበሩት። እናቱ እንድታየው ብሎ ፎቶ አነሳ። ከዚያ አ.አ. መጥቶ አገኛቸው። እኔ ያኔ ኮሌጅ ነበርኩ፣ ምንም አልሰማሁም።

ገና አፉን ሳይከፍት እማማ ደረታቸውን እየመቱ ልጄን ያስቀረሁት እኔ ነኝ አሉት።

«ምን ልበላት? የመን ተሻግሯል፣ በዓይኔ አይቻለሁ አልኳት። ለዚያች ቀን ብዬ ነበር።»

የሚያውቁትም እሱን አይተው ዝም አሉ። ያቺ ቀን ሃያ ዓመት ሆነች። አናደደኝ፣ ደግሞ አሳዘነኝ። ሁለቱም ባንድ ላይ።

ፍላሹ ግን ሮማን ቦርሳ ውስጥ ነው!

ዓርብ፣ ፌብ. 10። መኪና ውስጥ

ሮማን ጠዋት በስምንተኛው ጥሪ አነሳች። ገና አልከፈተችውም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከእናቷ ጋ በቲቪ ልታየው ነው ያሰበችው። በቲቪ! ያን በሚያክል ስክሪን! ቫይረስ አለበት፣ እንዳትነኪው አልኳት። ቤልትዌዩ፣ የቀለበት መንገዱ፣ ተዘግቶ ድልድዩ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ።

ፍላሹን ተቀብያለሁ። አሁን እጄ ላይ ነው። ዕረፍት ግን አላገኘሁም።

እማማ በር ላይ ያዙኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ፣ ተሾመ አለበት?»

አባዬ ገና እየፈለገ ነው አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው። ይኸው እኔም እንደ አባቴ ሆንኩ። እሳቸው ደግሞ ቆመው መረቁኝ፤ እጅሽ ይባረክ፣ አባትሽን ያቆይልሽ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ፣ ፌብ. 12

ከአባዬ ጋ ተጣላን። ፍላሹን አጥፊው አለኝ፣ ፖስታውንም ቅደጂው፤ ጥቂት ቀን ነው የቀረኝ፣ እኔ ስሞት ትነግሪያታለሽ። ጮህኩበት። በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም። እሳቸው ቢቀድሙህስ? ስልክ እየጠበቁ ቢሞቱስ? ተነስቶ መኝታ ቤቱ ገባ። በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ለሮማን ብቻዋን ልንገራት? ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው። እዚህ አገር መጥተን ስንቱን ነገር ትተናል፤ ይህን አልተውንም። ነገር ግን ሮማን እንዳወቅኩ ስታውቅ ዓይኔን ታየኛለች? ከልጅነቴ የቀረችኝ እሷ ናት። ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ፌብ. 14። ጠዋት

አባዬ ጢሙን ተላጭቶ፣ ስልክ ቁጥር የሚጽፍባትን ማስታወሻ ይዞ ሳሎን ጠበቀኝ። ለቄሱ ደውሏል። ለሁለት የሰፈር ሰዎችም። ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው፤ ሮማን የማታ ሥራ የላትም፣ ሁለቱ አብረው ይሰሙታል።

ቄሱ ይንገሩልህ አልኩት።

«በአፌ የመን ያሻገርኳት እኔ ነኝ። እኔው ነኝ የምነግራት።»

ልጃቸውን ማለቱ ነው፣ ግን እሳቸውን ያሻገራቸው ያህል ተናገረው። አላረምኩትም።

አዳራሹስ? ቄሱ ይያዝ ብለዋል፣ ለለቅሶው ይሆናል። የስቱዲዮውን ፎቶ አሳጥቢልኝ አለኝ፣ ትልቅ አድርገሽ፣ ቀብሩን ሳይሆን የሚስቀውን። ዛሬ የፍቅረኞች ቀን ነው፣ ፓርኪንጉ አበባ በያዘ ወንድ ይሞላል። ይሙላ።

ዓርብ፣ ፌብ. 17

ሮማን ቴክስት አደረገች፦ እማማ የነገን ልብስ ከአሁኑ ተኩሰዋል፣ በጊዜ መጥተሽ ትወስጂናለሽ? እሺ ብዬ መለስኩ። ምን ልበል?

ቅዳሜ፣ ፌብ. 18። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል

አሌክሳንድሪያ። ከሮማን አፓርትመንት ፊት ለፊት፣ መኪና ውስጥ። አባዬ ከጎኔ። ፎቶውን በጋቢው ሸፍኖ ደረቱ ላይ ይዟል። ከኋላችን የቄሱ መኪና ቆመ። እንዳልጮህ ነው የምጽፈው።

ሁለተኛ ፎቅ መብራት በራ። እማማ ናቸው። ለአዳራሹ ለብሰው ጨርሰዋል፣ ነጭ በነጭ። መኪናዬን ዐወቋት። ለመውሰድ የመጣሁ መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡልኝ፣ እየሳቁ።

ቄሱ ወረዱ። ሁለቱ የሰፈር ሰዎች ወረዱ። አባዬ ክንዴን አልፈልግም ብሎ ብቻውን ወረደ።

እማማ ቆጠሩን። እጃቸው እላይ እንዳለ ቀረ።

ሮማን ከኋላቸው መጣች። እኔን ነው የምታየው፣ ልውረድ።